የኢሜይል ደንበኞች መዝገብ አደራ ነው
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ ሲሰማ ለባለሙያዎች ብቻ የተተወ የሚመስል ነው። ይኸውም አንድ አፕሊኬሽን፤ ማለት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የምንገለገልበት ፕሮግራም፤ የሰዎችን የኢሜይል አድራሻ እየተቀበለ ማስታወቂያና የዜና ደብዳቤ በብዛት ወደሚልክ ድርጅት መዝገብ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ነው። ይህ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ ስለ ሆነ እኛን የጽሕፈት ቤት ሰዎች ምን ይመለከተናል የሚል አይታጣም። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠችኝ በደብረ ታቦር የምትኖር የእኅቴ ልጅ ናት።

ልጅቱ ትምህርቷን ፈጽማ ሥራ በምትፈልግበት ጊዜ፤ ስሙን ለመጥቀስ ለማልፈልገው ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አቀረበች። የፈተናው ጥሪ በኢሜይል እንደሚደርሳትም ተነገራት። ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ ስልኳን እየከፈተች ትጠብቅ ጀመር፤ ጥሪው ግን አልታየም። በመጨረሻ ደውላ፤ «ጋሼ፤ ጥሪው ለካ ከመጣ አራት ቀን ሆኖታል። ስፓም በሚባለው፤ ሰው በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ፈተናው ትናንት ተሰጥቶ አልፏል» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

ነገሩ ቢከነክነኝ የዚያን መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የሚያውቅ አንድ ወጣት ባለሙያ ፈልጌ ጠየቅሁት። እርሱም ሳይሸሽግ ነገረኝ። መሥሪያ ቤቱ የመመዝገቢያ አፕሊኬሽኑን ከአንድ ማስታወቂያ ላኪ ድርጅት ጋር ሲያገናኝ፤ በማናቸውም ጉዳይ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ የዜና ደብዳቤ ደንበኛ ሆኖ እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ሰዎቹም ያልለመኑት ደብዳቤ በየሳምንቱ ሲጎርፍባቸው ብዙዎቹ «ይህ ስፓም ነው» የሚለውን ምልክት ተጫኑ። አቤቱታው ሲበዛ፤ የኢሜይል አገልግሎት የሚሰጡት ድርጅቶች ከዚያ መሥሪያ ቤት የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ ይጠራጠሩት ጀመር። እንግዲህ ማንም ያልፈለገው ዜና አንዲት ልጅ በጭንቀት የምትጠብቀውን ጥሪ ይዞት ወደቀ ማለት ነው። ጉዳዩ የእኛም መሆኑን የተረዳሁት በዚህ ነው።

ደብረ ታቦርን ካነሣሁ ዘንድ፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለውን ጋፋትን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩት በጋፋት ነው። ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፤ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፤ ገደሉን እያስናዱና መንገዱን እያስጠረጉ ከመቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። አንድ ዕቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ለማድረስ የብዙ ሺሕ ሰው ድካምና የወራት ጊዜ ጠየቀ።

ዛሬ ግን በጉና ተራራ ግርጌ የተቀመጠ አንድ ወጣት፤ አንዱን ደብዳቤ ለ10,000 ሰዎች ለመላክ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት የበለጠ ጊዜ አያስፈልገውም። ጭነቱ ክብደት የለውም፤ መንገዱም የተጠረገ ነው። በዚህ ልንደሰት ይገባናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በቀድሞው ዘመን ሰው የማይረባ ነገር ወደ ሩቅ አገር እንዳይልክ የሚያግደው የመንገዱ ድካም ነበር። ዛሬ ያ አጋጅ ስለ ተነሣ፤ በስፍራው የቀረው የላኪው ኅሊናና ሕጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ጭነቱ በቀለለ መጠን የላኪው ኃላፊነት ይከብዳል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አሁን የአሠራሩን ሁኔታ በአጭሩ ላስረዳ። ማስታወቂያ በኢሜይል ከሚልኩት ድርጅቶች መካከል በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ሜይልቺምፕ ነው። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ በ2001 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቱይት የተባለው ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛው ተስማማ። የሰዎችን አድራሻ በሥርዓት መዝግቦ ደብዳቤ ማድረስ ምን ያህል ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

የአንድ መሥሪያ ቤት አፕሊኬሽን ከእንዲህ ያለው ድርጅት ጋር የሚነጋገርበት በር ኤፒአይ ይባላል። ኤፒአይን ለመረዳት የራሳችንን መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። ባለጉዳይ ወደ መዝገብ ቤት ሲመጣ ውስጥ ገብቶ ፋይል እንዲያገላብጥ አይፈቀድለትም። በመስኮቱ በኩል፤ በተወሰነው ፎርም ጽፎ፤ ማን መሆኑን አስረድቶ ይጠይቃል፤ ጸሐፊውም ተመልክቶ መልስ ይሰጠዋል። ኤፒአይም እንዲሁ መስኮት ነው። ልዩነቱ ከመስኮቱ በዚህም በዚያም ወገን የቆሙት ሰዎች ሳይሆኑ ፕሮግራሞች መሆናቸው ብቻ ነው።

በዚህ መስኮት የሚቀርብ አፕሊኬሽን ሦስት ነገር ይዞ መቅረብ አለበት።

አንደኛው ቁልፍ ነው። ቁልፍ የተባለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ ሲሆን፤ ጠያቂው የታወቀ ደንበኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። በሜይልቺምፕ ዘንድ በቁልፉ መጨረሻ ላይ ከጭረት በኋላ እንደ ዩኤስ6 ያለ አጭር ምልክት ይገኛል። ይህ ምልክት የደንበኛው መዝገብ በየትኛው የመረጃ ማእከል እንደ ተቀመጠ የሚያመለክት ስለ ሆነ፤ ጥያቄውም የሚላከው ወደዚያው ማእከል ነው።

ሁለተኛው የመዝገቡ መለያ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ መዝገብ ሊኖረው ስለሚችል አዲሱ ስም በየትኛው እንደሚገባ መገለጽ አለበት።

ሦስተኛው የሚመዘገበው ሰው አድራሻና ሁኔታ ነው። ሁኔታ ማለት ሰውየው ደንበኛ ሆኖ የገባ፤ ወይም ማረጋገጫው የሚጠበቅ፤ ወይም ከመዝገቡ የወጣ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ነው።

መልሱ የሚመጣው በቁጥር ነው። 200 ከሆነ ጥያቄው ተፈጽሟል። 400 ከሆነ በቀረበው ጽሑፍ ላይ እንከን አለ፤ ወይም አድራሻው አስቀድሞ በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። 401 ከሆነ ቁልፉ አልታወቀም። 404 ከሆነ የተጠቀሰው መዝገብ የለም። 429 ከሆነ ደግሞ ጠያቂው ከመጠን በላይ ተቻኩሏል፤ ሜይልቺምፕ ከአንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ከ10 የበለጠ ግንኙነት አይቀበልምና። በመስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ «ተራችሁን ጠብቁ» እንደሚለው መሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ለአንድ ትጉህ ባለሙያ ከአንድ ቀን የበለጠ ላይፈጅ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ግንኙነቱ ከተፈጸመ በኋላ «ሠራ» ተብሎ ሲተው ነው። ሊታሰቡ የሚገባቸውን ነገሮች በየተራ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የቁልፉ ጥበቃ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደብዳቤ የሚደርሰን በቤታችን ደጅ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥራችን ነው። የመሥሪያ ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁልፍ በኮፒ አባዝቶ ለገበያተኛ ሁሉ የሚያድል ሰው ቢገኝ እብድ ነው እንለዋለን። ነገር ግን አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የኤፒአዩን ቁልፍ በስልክ አፕሊኬሽኑ ውስጥ ጽፈው ለሺሕ ሰው ያድላሉ። የስልክን አፕሊኬሽን ፈታቶ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ያ ቁልፍ በአደባባይ የተሰቀለ ያህል ነው። ያገኘውም ሰው የተመዝጋቢዎችን ስምና አድራሻ ሊያነብ፤ መዝገቡን ሊያጠፋ፤ ከዚህም የባሰው በመሥሪያ ቤቱ ስም የሐሰት ደብዳቤ ሊልክ ይችላል።

ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር፤ የስልኩ አፕሊኬሽን ለመሥሪያ ቤቱ ለራሱ ሰርቨር እንዲናገር፤ ሰርቨሩም ቁልፉን በውስጥ ይዞ ከማስታወቂያው ድርጅት ጋር እንዲነጋገር ማድረግ ነው። ቁልፉ በውጭ ታይቷል የሚል ጥርጣሬ ሲኖርም ወዲያውኑ ተሰርዞ በሌላ ሊተካ ይገባል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቁልፍ ተመልሶ ምስጢር አይሆንም።

ሁለተኛው የተመዝጋቢው ፈቃድ ነው። በደብረ ታቦር ሰፈሮችም ሆነ በአዲስ አበባ የእድርን ሥርዓት የማያውቅ የለም። የእድር መዝገብ ሰው በራሱ ፈቃድ ገብቶ፤ ደንቡን ተቀብሎ ስሙን ያስጻፈበት ነው። ጡሩንባ ነፊው ሌሊት ሲነፋ ከእንቅልፋችን ብንነቃም አንቆጣም፤ አስቀድመን ጥሩን ብለናልና። ነጋሪት ግን ሌላ ነው፤ ነጋሪት የሚጎሰመው ለወደደውም ላልወደደውም ነው። የኢሜይል ደንበኞች መዝገብ የእድር መዝገብ እንጂ ነጋሪት አይደለም። ይህን ልዩነት የዘነጋ መሥሪያ ቤት፤ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የተባለውን ሰው ይመስላል።

ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. የአንድ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ፤ በዚያን ጊዜ በነበረው አነስተኛ መረብ ላይ ለሚገኙ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ያልጠየቁትን የሽያጭ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ተቀባዮቹም ተቆጡ፤ ወቀሳውም በረታ። በኢሜይል የሚላክ ያልተጠየቀ ማስታወቂያ ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ ይጀመራል።

በሜይልቺምፕ ኤፒአይ ለዚህ የተዘጋጀ መፍትሔ አለ። አዲሱን አድራሻ በቀጥታ «ሰብስክራይብድ» ማለት ደንበኛ ሆኗል ብሎ በማስገባት ፈንታ፤ «ፔንዲንግ» ማለት ማረጋገጫው ይጠበቃል ተብሎ ቢላክ፤ ድርጅቱ ለሰውየው አንድ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይልክለታል። ሰውየው ራሱ ከፍቶ አዎን ካላለ በቀር ደንበኛ ሆኖ አይቈጠርም። ልዩነቱ የአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ግን ድርብ ነው። በአንድ ወገን ፈቃድ ይረጋገጣል። በሌላ ወገን ደግሞ አድራሻ ሲጻፍ አንድ ፊደል ቢሳሳት፤ የአንዱ ሰው ጉዳይ ከማያውቀው ከሌላ ሰው እጅ አይገባም። ወረፋ በበዛበት ጠረጴዛ ላይ በላቲን ፊደል አድራሻ የሚጽፍ ጸሐፊ ሁሉ ይህ ስሕተት ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ፈቃድ የመጠየቁ ነገር የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፤ ምርትን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ሲባል ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶ፤ የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባ ደንግጓል። ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍም በሕጉ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። መዝገቡ በባሕር ማዶ ሰርቨር የሚቀመጥ ከሆነ፤ ግንኙነቱ ከመፈጸሙ በፊት የሕግ ክፍሉ እንዲያየው ማድረግ የኃላፊው ፈንታ ነው።

ሦስተኛው የመውጫው በር ነው። ሰው በፈቃዱ እንደ ገባ በፈቃዱ መውጣት አለበት። በየደብዳቤው ግርጌ «ከዝርዝሩ ውጣ» የሚል ቃል ይገኛል። ሰውየው ይህን ሲጫን በሜይልቺምፕ መዝገብ ላይ እንደ ወጣ ይጻፋል፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ በራሱ መዝገብ እንደ ነበረ ይቀራል። ሁለት መዝገብ እርስ በርሱ ሳይስማማ ሲቀር ምን ዓይነት ትርምስ እንደሚፈጠር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለዚህም ዌብሁክ የሚባል መልእክተኛ አለ። አንድ ሰው በወጣ ጊዜ ድርጅቱ ወዲያውኑ ለመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር «እገሌ ወጥቷል» ብሎ ያስታውቃል፤ የእኛም መዝገብ በዚያው ይታረማል።

አንዳንድ ሰው የወጣውን ደንበኛ በኤፒአዩ በኩል በስውር መልሶ ለማስገባት ይሞክራል። ሜይልቺምፕ ግን በራሱ ፈቃድ የወጣን ሰው እንዲህ በቀላሉ አይመልስም፤ ጥያቄውን በ400 መልስ ይጥለዋል። ሰውየው እንደገና ራሱ ማረጋገጥ አለበት። መኪናው ከባለቤቱ ይልቅ ጨዋ ሆኖ ሲገኝ ማፈር ያለበት ባለቤቱ ነው።

አራተኛው የመስመር መቋረጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት በጠፋ ጊዜ፤ ኔትዎርክም በደከመ ጊዜ ሥራ እንደሚቆም የታወቀ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አይዘነጋም። እንግዲህ አፕሊኬሽኑ ስሙን ተቀብሎ ወደ ማስታወቂያው ድርጅት ሊልክ ሲል መስመር ቢጠፋ ምን ይሆናል? ያልታሰበበት ከሆነ ስሙ በመንገድ ላይ ይጠፋል፤ ወይም ሰውየው አልሆነልኝም ብሎ ደጋግሞ ሲጫን ጥያቄው እየተደራረበ ይከማቻል።

የታሰበበት አሠራር ግን እንዲህ ነው። ጥያቄው በመጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ በወረፋ ይቀመጣል፤ መስመሩ ሲመለስ በየተራው ይላካል። እንዳይደጋገምም በሜይልቺምፕ ዘንድ አንድ ብልሃት አለ። አድራሻው በትንንሽ የላቲን ፊደል ተጽፎ ኤምዲ5 በሚባለው ስሌት ወደ 32 ምልክት ይለወጣል፤ ይህም የሰውየው መለያ ይሆናል። ጥያቄው በዚህ መለያ፤ «ከሌለ አስገባው፤ ካለም አስተካክለው» በሚል ቃል ከቀረበ፤ አሥር ጊዜ ቢላክም መዝገቡ ላይ የሚገኘው አንድ ስም ብቻ ነው። ይህ በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ «ፑት» የተባለው ጥያቄ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው፤ በእኅቴ ልጅ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ጉግልና ያሁ ከ2024 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር ጀምሮ በብዛት ለሚልኩ ሁሉ ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል። ላኪው ደብዳቤው በእውነት ከእርሱ የወጣ ለመሆኑ ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት፤ ተቀባዩ በአንድ ጊዜ ተጭኖ የሚወጣበትን መንገድ መስጠት አለበት፤ የስፓም አቤቱታውም በመቶ 0.3 እንዳይደርስ መጠበቅ አለበት። በመቶ 0.3 ማለት ከ1,000 ተቀባዮች 3 ሰዎች ናቸው። አድማጮቼ ሆይ፤ አስቡት። ሳይጠየቁ ከተመዘገቡ 1,000 ሰዎች መካከል የሚቈጡ 3 ሰዎች አይጠፉም። እነዚያ 3 ሰዎች በተቈጡ ጊዜ የሌሎቹ 997 ሰዎች ደብዳቤ ሁሉ መንገዱ ይጠብበታል።

ከዚህ የምንማረው፤ የግዴታ ጥሪና የማስታወቂያ ዜና በአንድ መንገድ መላክ እንደማይገባቸው ነው። የፈተና ጥሪ፤ የቀጠሮ ማስታወሻ፤ የክፍያ ማረጋገጫ የመሳሰሉት በአንድ የላኪ አድራሻ፤ የዜና ደብዳቤ ደግሞ በሌላ ቢላክ የአንዱ ጥፋት ሌላውን አይጐዳም። ደግሞም ኢሜይል ብቻውን በቂ አይደለም። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው፤ በፋርጣ ደጋ ድንች የሚተክለው ወንድማችን ኢሜይል ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሰው የሚጎዳበት ጥሪ በስልክም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም እንዲነገር ማድረግ አሮጌ ልማድ ሳይሆን ማስተዋል ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ፕሮግራም መጻፍ ባታውቁ አትፈሩ። ባለሙያው «ግንኙነቱ ተፈጽሟል፤ ፈርሙልኝ» ብሎ ሲመጣ፤ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት። ቁልፉ የት ነው የተቀመጠው? የሚያውቁትስ እነማን ናቸው? ተመዝጋቢው ፈቃዱን ራሱ አረጋግጧልን? ለመውጣት ሲፈልግ በሁለቱም መዝገብ ይወጣልን? መስመር ቢቋረጥ ስሙ የት ይቆያል? የግዴታ ጥሪውና ዜናው ተለያይተዋልን? መዝገቡ በየትኛው አገር ተቀምጧል፤ የሕግ ክፍሉስ አይቶታልን? መልካም ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም። የሚከፋ ከሆነም ፊርማችሁን ማዘግየት ይሻላል።

እነዚህ ጥያቄዎች ከተመለሱ፤ ግንኙነቱ ለአገር ብዙ ጥቅም የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን የቡሄ በዓል በደብረ ታቦር ተገኝቶ ለማየት፤ በዚያውም ጋፋትን ለመጐብኘት የሚሻ ሰው አድራሻውን በፈቃዱ ቢሰጥ፤ ከበዓሉ አስቀድሞ መንገዱንና ማደሪያውን የሚገልጽ አንዲት ደብዳቤ ብትደርሰው ደስ ይለዋል። በዓሉ ካለፈ በኋላ በየሳምንቱ የማይመለከተው ነገር ካልተላከለትም በሚመጣው ዓመት ደብዳቤውን በደስታ ይከፍተዋል። መታመን የሚገኘው እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው።

የእኅቴ ልጅ ያቺን ፈተና አጣች፤ ሌላ ዕድል እየጠበቀች ነው። ያነጋገርሁት ወጣት ባለሙያ ግን ስሕተቱን ከነገረኝ በኋላ፤ ሳይጠየቁ የገቡትን ስሞች በሙሉ ከዜናው መዝገብ አውጥቶ፤ «የሚፈልግ በፈቃዱ ይመለስ» ብሎ እንደ አዲስ እንደ ጀመረ አስታውቆኛል። የተመለሱት ከቀድሞዎቹ እጅግ ያነሱ ናቸው አለኝ። እኔም፤ «ግድ የለም፤ ወድደው የገቡ ጥቂቶች ተገደው ከገቡ ብዙዎች ይሻላሉ» አልሁት።

አድራሻውን የሰጠን ሰው የቤቱን ደጅ አሳየን ማለት ነው። ስንጠራ እንገባለን፤ ሳንጠራ ደጁን አንደበድብም፤ ይብቃችሁ ሲለን አመስግነን እንመለሳለን። ይህ ከአባቶቻችን የተማርነው የእንግድነት ሥርዓት ነው፤ በኮምፒዩተር ዘመንም አልተሻረም።